በሐውልቷ ውስጥ የኖረችው ሠዓሊ
የኒኪ ደ ሴን ፋል የሕይወት ታሪክ

የመኖሪያ ቤቱን ግቢ ለማስጌጥ የማይደክም ሰው ጥቂት ነው። አንዱ ጽጌረዳና ጥድ ይተክላል፤ ሌላው አጥሩን ኖራ ይቀባል፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ደግሞ በአትክልት ቦታቸው ግድግዳ ላይ ታሮት ከሚባሉት ካርታዎች የተቀዱ ሥዕሎችን፣ ፀሐይንና ጨረቃን፣ እቴጌይቱንና ባሕታዊውን በቀለም የሚሥሉ ሰዎች አሉ። ይህ ነገር የሥራ ፈት ጨዋታ ሊመስል ይችል ይሆናል። ነገር ግን ይህንኑ ሐሳብ ከግድግዳ ሥዕል አሳልፋ ቤት የሚያህል ሐውልት ያደረገች፣ ከሐውልቶቹም በአንዱ ሆድ ውስጥ አልጋዋን ዘርግታ፣ ድስቷን ጥዳ የኖረች አንዲት ሴት ነበረች። ስሟ ኒኪ ደ ሴን ፋል ይባላል። በኢጣልያ አገር፣ በቶስካና፣ ካፓልቢዮ በምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ የሠራችው የታሮት አትክልት ቦታ ከየአገሩ የሚመጣ ሰው የሚጐበኘው ሆኗል። በዛሬው ጽሑፋችን የዚህችን ሴት ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ አስበናል። በተለይም ትልቅ ሐሳብ በልባቸው ይዘው ጊዜውና ገንዘቡ ከየት ይመጣል እያሉ የሚጨነቁ ወጣቶች በጥሞና ቢያነቡት እንወዳለን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ታሮት ምን እንደሆነ መግለጽ ያስፈልጋል። ታሮት በ15ኛው መቶ ዓመት በሰሜን ኢጣልያ በመሳፍንት ቤት የተጀመረ የካርታ ጨዋታ ነው። ካርታዎቹ በጠቅላላው 78 ሲሆኑ፣ ከእነዚህ 56ቱ እንደ ተራው የመጫወቻ ካርታ በአራት ወገን የተከፈሉ ናቸው። የቀሩት 22ቱ ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሥዕልና የራሳቸው ስም አላቸው፤ አስማተኛው፣ እቴጌይቱ፣ ንጉሠ ነገሥቱ፣ ፍቅረኞቹ፣ ባሕታዊው፣ የዕድል መንኰራኵር፣ ፍትሕ፣ ሞት፣ ዲያብሎስ፣ ግንቡ፣ ኮከብ፣ ዓለም፣ እያለ ይቀጥላል። በመጀመሪያው ዘመን ካርታዎቹ ለጨዋታ የተሠሩ ነበሩ። የዕድል መግለጫ ተብለው በሰፊው የታወቁት ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ በፈረንሳይ አገር ነው። በ1781 ኩር ደ ጄብላን የሚባል ፈረንሳዊ ጸሐፊ ካርታዎቹ ከጥንታዊት ግብጽ ካህናት የተወረሱ የምሥጢር መጽሐፍ ናቸው ብሎ ጻፈ። ለዚህ አባባሉ አንድም ማስረጃ አልነበረውም፤ ሆኖም ማስረጃ የሌለው ወሬ ከማስረጃው ይልቅ ፈጣን እግር ስላለው አባባሉ በየአገሩ ተሠራጨ። እኛ የካርታ ጠንቋዮችን ነገር ለጠንቋዮቹ እንተወዋለን። ለኒኪ ደ ሴን ፋል ዋናው ቁም ነገር 22ቱ ሥዕሎች ሰው ከልደቱ እስከ ሞቱ የሚያልፍባቸውን ፈተናዎች በምሳሌ የሚያሳዩ መሆናቸው ነበር።

ኒኪ ጥቅምት 29 ቀን 1930 በፓሪስ አጠገብ በኔዪ ከተማ ተወለደች። አባቷ ከጥንታዊ የፈረንሳይ መሳፍንት ወገን የተወለደ የባንክ ሰው፣ እናቷ አሜሪካዊት ነበሩ። በ1929 የደረሰው የገንዘብ ውድቀት የቤተ ሰቡን ባንክ ስላናጋው ወላጆቿ ወደ ኒውዮርክ ሲሻገሩ ሕፃኒቱ የመጀመሪያዎቹን ዓመቶች በፈረንሳይ ገጠር ከአያቶቿ ጋር አሳለፈች። ከዚያ በኋላ ያደገችው በኒውዮርክ ነው። በትምህርት ቤት ጠባይዋ የሚያስመሰግን አልነበረም። ብሬርሊ ከሚባለው የታወቀ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት የተባረረችው፣ በግቢው የቆሙት ሐውልቶች እፍረታቸውን የሸፈኑበትን የበለስ ቅጠል በቀይ ቀለም ስለ ቀባች ነው። ይህ ነገር በጊዜው ነውር ሆኖ ተቈጠረ፤ የኋላ ሥራዋን ለሚያውቅ ግን እጇ ከሐውልትና ከቀለም ጋር የተዋወቀው በዚያን ቀን ነው ለማለት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ግን ማንም ያላወቀው ነገር ነበር። ኒኪ በ1994፣ 63 ዓመት ከሞላት በኋላ፣ ምሥጢሬ ብላ በሰየመችው ትንሽ መጽሐፍ፣ የ11 ዓመት ልጅ ሳለች የገዛ አባቷ እንደ ደፈራት ገለጠች። ከ50 ዓመት በላይ በሆዷ ይዛው የኖረችውን ነገር ስትጽፈው አባቷ ከሞተ ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር። ሥራዋን በቀለሙ ደማቅነት ብቻ የሚያዩና የደስተኛ ሰው ጨዋታ አድርገው የሚገምቱ ሰዎች ይህን ማወቅ ይገባቸዋል ብለን እናምናለን።

መልኳ እጅግ ያማረ ስለ ነበር ገና በ17ና በ18 ዓመቷ ለታላላቅ መጽሔቶች የልብስ ሞድ የምታሳይ ሆነች፤ በ1949 ላይፍ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ፎቶግራፏን በሽፋኑ ላይ አወጣው። በዚሁ ዓመት ሃሪ ማቲውስ የሚባል፣ በኋላ ደራሲ የሆነ አሜሪካዊ ወጣት አገባች። በ1951 ሴት ልጅ ተወለደችላቸው፤ በ1952 ወደ ፓሪስ ተሻገሩ፤ በ1955 ደግሞ ወንድ ልጅ ወለደች። ከውጭ ለሚመለከት ሰው ምንም የጐደለበት ኑሮ አልነበረም። ነገር ግን በ1953 በኒስ ከተማ አእምሮዋ ታወከና ሆስፒታል ገባች፤ በዚያን ጊዜ ልማድ የነበረውን የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምና ሰጧት። ሥዕል መሣል የጀመረችው በዚያ ሆስፒታል ነው። ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብታ አልተማረችም፤ ከበሽታዋ ስትወጣ ግን ዕድሜ ልኳን ሠዓሊ እንደምትሆን ቈርጣ ወጣች።

ለታሪካችን ዋናው ቀን የሚመጣው በ1955 ነው። ቤተ ሰቡ በዚያን ጊዜ በእስፓኝ ደሴት በማዮርካ ይኖር ስለ ነበር ኒኪ ወደ ባርሴሎና ተሻግራ አንቶኒ ጋውዲ የተባለው ታላቅ መሐንዲስ የሠራውን የጉኤል መናፈሻ አየች። ጋውዲ በዚያ ስፍራ የተሰባበረ ሸክላና ሰሃን እየገጣጠመ እንደ እባብ የሚጠማዘዝ ረጅም መቀመጫ፣ የዘንዶ ምስል፣ የዛፍ ግንድ የሚመስል ዐምድ ሠርቷል። ይህ ሁሉ የ25 ዓመቷን ሴት ልብ መታው። አንድ ቀን እኔም የራሴን አትክልት ቦታ እሠራለሁ ብላ በልቧ የተሳለችው በዚያ ነው። ቈይታም በፈረንሳይ አገር ኦትሪቭ በሚባል መንደር ፌርዲናን ሼቫል የተባለ ተራ ፖስተኛ ደብዳቤ ሲያድል ከመንገድ የለቀመውን ድንጋይ እያከማቸ ከ1879 እስከ 1912፣ ለ33 ዓመት ብቻውን የገነባውን ቤተ መንግሥት ተመለከተች። መሐንዲስ ያልሆነ ሰው፣ ገንዘብም ረዳትም የሌለው ሰው፣ ይህን ያህል ከሠራ ለእኔ ምን ያቅተኛል ያሰኛት ይኸው ፖስተኛ ነበር። ይሁን እንጂ ከስእለቱ እስከ መጀመሪያው ቁፋሮ ከ20 ዓመት በላይ አለፈ።

በ1960 ከባሏ ተለየች፤ ሁለቱ ልጆች ከአባታቸው ጋር ቀሩ። ይህን የሕይወቷን ክፍል ብዙ ጸሐፊዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘለው ያልፉታል። እኛ ግን ሥራዋን የምናደንቅ ብንሆንም ለሥራው ከተከፈለው ዋጋ ከፊሉን ሳይጠየቁ የከፈሉት የ9 ዓመት ሴት ልጅና የ5 ዓመት ወንድ ልጅ መሆናቸውን ሳንናገር ማለፍ አልወደድንም። እርሷም ራሷ ይህን ነገር በቀላል አላየችውም፤ እስከ እርጅናዋ ድረስ የሚቈጠቁጣት ነገር ሆኖ ኖሯል።

በ1961 ስሟን ያስጠራ ሥራ ሠራች። በሰሌዳ ላይ ልዩ ልዩ ዕቃና በቀለም የተሞሉ ከረጢቶች ለጥፋ፣ ሁሉን በነጭ ጀሶ ትሸፍነዋለች። ከዚያ በኋላ ጠብመንጃ አንሥታ ትተኩሳለች፤ ጥይቱ ከረጢቱን ሲበሳው ቀለሙ በነጩ ላይ እንደ ደም ይፈሳል። አንዳንዱ ተመልካች ሣቀ፤ አንዳንዱ ተቈጣ። ያ የጠብመንጃ ቍጣ በማን ላይ እንደ ተነጣጠረ ለዓለም የገባው በ1994 የወጣው መጽሐፍ ከተነበበ በኋላ ነው። በ1963 ገደማ መተኰሱን ተወችው። በ1965 ደግሞ ናና የሚባሉትን ሐውልቶች ማሳየት ጀመረች፤ እነዚህ ወፋፍራም፣ ደማቅ ቀለም የለበሱ፣ እጃቸውን ዘርግተው የሚጨፍሩ ሴቶች ናቸው። በ1966 በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ሙዚየም ውስጥ ከሁለት ሌሎች ሠሪዎች ጋር 28 ሜትር ርዝመት ያላት የተኛች ሴት ሠራች፤ ተመልካቹ በእግሮቿ መካከል ገብቶ በሆዷ ውስጥ ይዘዋወር ነበር። ከ3 ወር በኋላ ያቺ ግዙፍ ሴት ፈረሰች። ሰው በውስጡ የሚገባበት ሐውልት የመሥራት ሐሳብ ግን አልፈረሰም። በ1972 በኢየሩሳሌም ለልጆች መጫወቻ የሚሆን ጎሌም የተባለ የጭራቅ ሐውልት ሠርታ ሦስት ቀይ ምላሶቹን መንሸራተቻ አደረገቻቸው። ሐውልቱ ሕፃናትን ያስደነግጣል ብለው የተቃወሙ ሰዎች ነበሩ፤ ሕፃናቱ ግን አልደነገጡም።

ከሁለቱ የስቶክሆልም ሠሪዎች አንዱ ዣን ታንግሊ ነበር። ይህ የስዊስ ተወላጅ ከወዳደቀ ብረትና ከአሮጌ ሞተር የሚንቀጠቀጡና የሚንኳኩ መኪናዎችን እየሠራ በዓለም የታወቀ ሰው ነው። ኒኪና ታንግሊ በ1971 ተጋቡ። ትዳራቸው እንደ ሌላው ሰው ትዳር አልነበረም፤ ብዙውን ጊዜ በየቤታቸው ይኖሩ ነበር፤ በሥራ ግን እስከ ሞት አልተለያዩም። በፓሪስ ከፖምፒዱ የጥበብ ማዕከል አጠገብ በ1983 የቆመው የስትራቪንስኪ ፏፏቴ የሁለቱ ሥራ ነው።

አሁን ወደ አትክልት ቦታው እንመለስ። ናናዎቹ የሚሠሩት ፖሊስተር ከሚባል ኬሚካል ነበር። ኬሚካሉ ሲቀላቀል የሚወጣው ጭስና ብናኝ ምን ያህል ክፉ እንደሆነ በዚያን ዘመን የተጠነቀቀ ጥቂት ነው። ኒኪ ይህን ጭስ ለብዙ ዓመት ስትስበው ቈይታ በ1974 ሳንባዋ መግል ቋጠረና ከሞት አፋፍ ደረሰች። ለማገገም ወደ ስዊስ ተራራ ወደ ሳን ሞሪትስ ወጣች። በዚያም በወጣትነቷ በኒውዮርክ የምታውቃትን ማሬላ አኜሊን አገኘቻት። ይህች ወይዘሮ ለአገራችን ሰው ስሙ እንግዳ ያልሆነው የፊያት ኩባንያ ጌታ የጃኒ አኜሊ ባለቤት ነበረች። ኒኪ የ20 ዓመት ሕልሟን፣ 22ቱን የታሮት ካርታዎች ሰው የሚገባባቸው ሐውልቶች አድርጋ በአንድ አትክልት ቦታ የማቆም ሐሳቧን ነገረቻት። የማሬላ ወንድሞች በቶስካና ጋራቪኪዮ በሚባል ስፍራ ርስት ነበራቸው። ከዚህ ርስት ላይ የጥንት የድንጋይ መፈልፈያ የነበረውን ኮረብታ ፈቀዱላት። በ1978 ቦታውን መቀየስ፣ በሚቀጥለውም ዓመት መሠረቱን ማፍሰስ ተጀመረ።

መሬቱ ተገኘ፤ ገንዘቡስ? ወጣት አንባቢዎቻችን በተለይ እንዲመለከቱልን የምንፈልገው ይህን ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ ከመንግሥት ወይም ከትልቅ ኩባንያ ርዳታ መለመን የተለመደ ነው። ኒኪ ግን ገንዘብ የሰጠ ሰው ነገ ደግሞ ትእዛዝ እንደሚሰጥ ስለ ገባት የሌላ ሰው ገንዘብ ሥራውን እንዲመራው አልፈቀደችም። በ1982 በስሟ የሚጠራ ሽቶ አወጣች፤ ብልቃጡ ሰማያዊ ሆኖ በክዳኑ ላይ ሁለት እባቦች የተጠማዘዙበት ነበር። ከአትክልት ቦታው ወጪ ሢሶ የሚያህለው ከዚህ ሽቶ እንደ ተገኘ ይነገራል። የቀረውን በአየር የሚነፉ ናናዎችን፣ የቤት ዕቃዎችን፣ የአበባ ማስቀመጫዎችንና የታተሙ ሥዕሎችን በመሸጥ ሞላችው። በጊዜው የጥበብ ሰው ሽቶ ቸርቻሪ ሆነ ብለው ያሽሟጠጡ አልጠፉም። እኛ ግን ነጋዴነቱን አንነቅፍባትም። ከሀብታም ደጅ ከሚጠና ሠዓሊ ሽቶ ሸጦ ራሱን የቻለ ሠዓሊ ይሻላል እንላለን።

ሥራው እንዴት ይሠራ እንደ ነበር መግለጽ ተገቢ ነው። ኒኪ በመጀመሪያ የእያንዳንዱን ሐውልት ትንሽ ምሳሌ ትሠራለች። ታንግሊና ረዳቶቹ ያንን ምሳሌ በዓይናቸው እየለኩ ወፍራም ፌሮ አጥፈውና በይደው የሐውልቱን አጥንት ያቆማሉ። አጥንቱ የሽቦ መረብ ይለብሳል፤ በላዩም ሲሚንቶ በግፊት ይረጫል። ከዚህ በኋላ ረጅሙና አድካሚው ሥራ፣ የማልበሱ ሥራ ይመጣል። ከሮም የመጣች አንዲት የሸክላ መምህርት በስፍራው እቶን አሠርታ የመንደሩን ወጣቶች ታስተምር ነበር። ጭቃው በቀጥታ በሐውልቱ ገላ ላይ ይለጠፍና ቅርጹን ከያዘ በኋላ ተቈራርጦ፣ እያንዳንዱ ቍራጭ ቍጥር ተሰጥቶት፣ እቶን ገብቶ፣ ቀለም ተቀብቶ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሸክላ ደግሞ በእሳት ሲገባ ይኰማተራል፤ ስለዚህ ቍራጮቹ ሲመለሱ በመካከላቸው ክፍተት ይቀራል። ይህን ክፍተት በመስተዋትና በቬኒስ ደሴት በሙራኖ በሚሠራው ባለ ቀለም ብርጭቆ ይሞሉታል። ተመልካቹ ለጌጥ የተደረገ የሚመስለው አብረቅራቂ መስመር እሳት የፈጠረውን ጉድለት መድፈኛ ነው ማለት ነው።

ሠራተኞቹ አብዛኛዎቹ የአካባቢው ገበሬዎችና ልጆቻቸው ነበሩ። በዚያን ዘመን የቶስካና ገጠር ወንድ፣ ያውም የባዕድ አገር ሴት፣ ያዘዘችውን ለመሥራት የለመደ አልነበረም። ኒኪ ነገሩን በጭቅጭቅ አላሸነፈችውም። ምሳቸውን ራሷ እያበሰለች፣ ከእነርሱ ጋር በአንድ ማዕድ እየተቀመጠች፣ እንደ እናት ሆና አዘዘቻቸው፤ እነርሱም ታዘዙ። ከመካከላቸው አንዱ፣ እንደ ሼቫል ሁሉ፣ የካፓልቢዮ ፖስተኛ ነበር። ዕድሜው 50 ሲሆን ወደ ሥራው ገብቶ መንገዶቹን በድንጋይ ሲያነጥፍ፣ መስተዋቱንም ሲገጥም ያልታወቀ ጥበብ በእጁ ተገኘ። በመጽሐፍ ቢነበብ ደራሲ የፈጠረው የሚመስል ነገር ነው።

ከሐውልቶቹ መካከል ጐብኚው በመጀመሪያ የሚያየው የሴቲቱ ሊቀ ካህናት ነው። ሰማያዊ ግዙፍ ራስ ነው፤ አፉን ከፍቷል፤ ከአፉ የሚወጣው ውሃ በደረጃ ላይ እየወረደ ወደ ኩሬ ይገባል፤ በኩሬውም መካከል ታንግሊ የሠራው የዕድል መንኰራኵር ይሽከረከራል። ከራሱ በላይ አስማተኛው በመስተዋት ተሸፍኖ ቆሟል። ግንቡ በመብረቅ እንደ ተመታ ሆኖ ጫፉ ተሰንጥቋል፤ ከስንጥቁም የታንግሊ ብረታ ብረት ወጥቷል። ብርታት የሚባለው ካርታ አንዲት ቀጭን ልጃገረድ አረንጓዴ ዘንዶ ፊት ቆማ በማይታይ ገመድ ስትመራው ያሳያል። ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚያስደንቀን ግን ፍትሕ ነው። ፍትሕ ትልቅ ሴት ናት፤ በሆዷ ውስጥ ግን የታንግሊ አሮጌ መኪና በብረት በር ተቈልፎበት ተቀምጧል፤ ስሙም ግፍ ይባላል። ግፍ ከፍትሕ ውጭ የሚኖር ጠላት አይደለም፤ በውስጧ ተቀምጦ ቁልፉ እንዲከፈት የሚጠብቅ ነው የሚል ትርጕም እንሰጠዋለን። በመንግሥት ቢሮ የሚሠራ ሰው ይህን ሐውልት ቢያይ ጥቂት ሳያስብ የሚያልፍ አይመስለንም።

እቴጌይቱ የተሠራችው በስፊንክስ መልክ ነው፤ የሴት ራስና ጡት ያላት፣ እንደ አንበሳ የተጋደመች ናት። ኒኪ ከ1983 ጀምሮ ለብዙ ዓመት የኖረችው በዚህች እቴጌ ውስጥ ነው። በአንደኛው ጡት ውስጥ መኝታዋ፣ በሁለተኛው ውስጥ ማዕድ ቤቷ ነበር። የውስጡ ግድግዳ በሙሉ በተሰባበረ መስተዋት ስለ ተሸፈነ በክፍሉ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ራሱን በሺህ ቦታ ተቈራርጦ ያያል። የሠራተኞቹ ስብሰባም ምሳም እዚያው ነበር። ለጐብኚ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ለነዋሪ ግን ሌላ ነው። ማዕዘን የሌለው ቤት፣ ቁም ሣጥን የማይጠጋበት ግድግዳ፣ ክረምት ሲመጣ ብርድና ብቸኝነት ይኖርበታል። ሥራው በሚፋፋምበት በዚያ ወራት ደግሞ ብርቱ ቁርጥማት ያዛት። ጣቶቿ ተጣመሙ፤ መራመድና ዕቃ መያዝ እስኪያቅታት ደረሰች፤ ሰውነቷም መነመነ። ሐኪሞች ስፍራውን እንድትለቅ ቢመክሯትም አልለቀቀችም። በ1986 ከአንድ የስዊስ ሐኪም ጋር ስለ ኤይድስ ለወጣቶች የሚሆን በሥዕል የተጻፈ መጽሐፍ ያወጣችው በዚሁ ሕመም ውስጥ ሆና ነው። ከበሽተኛ ጋር እጅ ለእጅ በመጨባበጥ በሽታው እንደማይተላለፍ የሚያስተምር ነበር፤ ሰው ሁሉ በፍርሃት በተያዘበት በዚያን ጊዜ ይህን መናገር ቀላል ነገር አልነበረም።

በ1991 ታንግሊ ሞተ። እርሷም ሥራውን በስሙ ለሚጠራና በባዝል ከተማ በ1996 ለተከፈተ ሙዚየም አበረከተች። የሳንባዋ ነገር እየከፋ ስለ ሄደ በ1994 አየሩ ይስማማታል ተብሎ ወደ አሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ወደምትገኘው ላ ሆያ ተዛወረች። አትክልት ቦታው ለሕዝብ የተከፈተው ግንቦት 15 ቀን 1998 ነው። ጋውዲን ካየችበት ዓመት ጀምሮ 43 ዓመት፣ መሠረቱ ከፈሰሰበት ደግሞ 19 ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። የመግቢያውን ግንብ የሠራላት ማሪዮ ቦታ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ ሲሆን፣ ግንቡ ወፍራምና ቀለም የሌለው፣ በመካከሉም ክብ በር ብቻ ያለው ነው። በዚያ በር የሚገባ ሰው የዕለት ሐሳቡን ከውጭ ትቶ እንዲገባ ታስቦ ነው።

በ1974 በጀርመን አገር በሐኖቨር ከተማ ወንዝ ዳር ሦስት ናናዎችን ባቆመች ጊዜ የከተማው ሰው በከተማችን ላይ ቀልድ ተሠራ ብሎ በጋዜጣ ጮኾ ነበር። በ2000 ያው ከተማ የክብር ዜግነት ሰጣት፤ እርሷም ከ300 በላይ የሚሆኑ ሥራዎቿን ለከተማው ሙዚየም በስጦታ አበረከተች።

ኒኪ ደ ሴን ፋል ግንቦት 21 ቀን 2002 በላ ሆያ በ71 ዓመቷ ሞተች። የገደላት ከዚያ ከፖሊስተር ጭስ ጀምሮ የተከተላት የሳንባ በሽታ ነው። በካሊፎርኒያ የጀመረችው ሌላ አትክልት ቦታ ከሞተች በኋላ በ2003 ተከፈተ። ለጋራቪኪዮ ግን ትእዛዟ ሌላ ነበር። ስፍራው በዓመት ለተወሰኑ ወራት ብቻ ለሕዝብ እንዲከፈት፣ እርሷ ከሞተች በኋላም በኮረብታው ላይ አንድም አዲስ ሐውልት እንዳይጨመር አዘዘች። የአትክልት ቦታው ሠራተኞች ሥራ በጸሐይና በዝናብ የተነሣ የረገፈውን መስተዋት ለቅሞ በቦታው መተካት ነው።